ሞተሩን በእጄ አመጣዋለሁ

ጥቅምት 4

ካርቶኑ ደርሷል።

ወንድምዓለም፣ ይህ ወረቀት በደህና ያግኝህ፤ እጅህንም ከብርድ ይጠብቅልህ። እኛ ሦስታችንም ቆመን እንሄዳለን። ባለቤቴ ወገቡን ያመዋል፤ ግን ወገቡን የማያመው መኪና ቀቢ እስካሁን አላየሁም።

በስልክ ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ መሀሉ ላይ ያለው ግድግዳ ለስሙ ነው የቆመው። እኔ ስልክ ሳነሳ ልጅህ ወይ ትወጣለች ወይ ጸጥ ትላለች። ጸጥ ስትል ደግሞ ሁሉን ትሰማለች። ስለዚህ ዋና ዋናውን በወረቀት እናውራ።

ካርቶኑን የከፈተችው ጋራዥ ውስጥ፣ የባለቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንዱ ጥጉ ተጨፍልቋል። ያለውን ሁሉ አውጥታ ደረደረችው፦ ረጅም የወረቀት ቱቦ፣ ስታነሳው ያነሳኸው የማይመስልህ ስስ እንጨት፣ የፕላስቲክ አፍንጫ፣ ላስቲክ፣ ክር፣ ቀይና ነጭ ፓራሹት። ሮኬቱ ሲገጣጠም ወገቤ ድረስ ይመጣል አለች። ከአራቱ ክንፎች አንዱ የለም። ባለቤቴ «ሦስቱስ ምን አነሳቸው? በሦስት እግሩ የሚሄድ ስንት መኪና አለ» ብሎ አሳቃትና አራተኛውን ከስስ ጣውላ ቆርጦ፣ ሞርዶ ሰጣት። አሁን የቱ የእሱ እንደሆነ አይለይም።

«አመስግኚልኝ» አላለችም፤ ልዋሽህ አልችልም። ግን መዝገበ ቃላት ተውሳ መመሪያውን መስመር በመስመር ስትተረጉም አመሸች።

ሁለት ነገር ልጠይቅህ። አንደኛ፣ ሞተሩ ካርቶኑ ውስጥ የለም። ያለ ሞተር የግድግዳ ጌጥ ነው ትላለች። ሁለተኛ፣ ልጅህን ወዳንተ የምትወስድበት ማመልከቻ። ሰኔ ላይ አሥራ ስምንት ይሞላታል። ከዚያ በኋላ ራሷን የቻለች ሰው ናት፣ በአባቷ ስም መሄድ አትችልም ብለውኛል። አንተ ይህን ከእኔ በፊት ታውቀዋለህ። የማመልከቻውን ቁጥር ላክልኝ፤ እዚህ ያለው ቢሮ ሄጄ ላንኳኳ።

ደግሞ «ድንቡሼ» እያልክ አትጻፍ። ከእኔ ረዝማለች፣ እንደ ሸንበቆ ቀጥናለች፤ ስታነበው ፊቷ ይለዋወጣል።

የምትረግጠው መሬት ይመችህ።

እህትህ


ኅዳር 20

እትዬ፣ እንዴት ከርማችኋል? የጋሼ ወገብ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። መጋዘኑ ይቀዘቅዛል፤ ግን ሥራው መገፋትና መሸከም ስለሆነ ሰውነት ይሞቃል። ክፍል የምንጋራው ሹፌር ሰላም ብሏችኋል። በፎቶ አንድ በአንድ ያውቃችኋል።

ክንፉ በመጉደሉ አዝኛለሁ። ጋሼን እጁን ይባርከው በይልኝ። ክንፍ ስትለጥፍ ሙጫውን ባንዴ አታወፍረው። ስስ አድርጋ ትቀባ፣ ትንሽ ይድረቅ፣ ደግማ ትቀባና ያኔ ትጫነው፤ የተረፈውን በጣቷ ትጥረግ። ክንፉ የሚያርፍበትን መስመር ስታሰምር ቱቦውን የበሩ መቃን ጥግ ላይ አስደግፋ በመቃኑ ጠርዝ ታስምር። እርሳሱ አይዛባም። ክንፍ ከተጣመመ ሮኬቱ ሰማይ ላይ ይሰክራል።

ሞተሩ ባሩድ ስላለበት በፖስታ አይሄድም። በእጄ አመጣዋለሁ። እንዲህ በያት፦ የጨረሰችው ዕለት ትጻፍልኝ፤ እኔ ሞተሩን ይዤ እመጣለሁ፣ አብረን እናስወነጭፈዋለን። ሜዳ ትፈልግ። ሰፊ፣ ከላዩ የመብራት ሽቦ የሌለበት።

ማመልከቻው ጠበቃው ጋ ነው። ቁጥሩን ጠይቄ እልካለሁ። ፎቶዋን ላኪልኝ፤ ሮኬቱን ይዛ ብትሆን ደስ ይለኛል።

ቤታችሁ አይጉደልበት።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 18

ወንድምዓለም፣ ሰላምታችን ከነሙቀቱ ይድረስህ።

መልእክትህን እንዳለ ነገርኳት። ድስት ታጥብ ነበር።

«ስጨርስ ነው ያለው?»

«ስትጨርሺ።»

«አንቺ ጨምረሽበት ነው ወይስ እሱ ነው ያለው?»

«እሱ ነው። አብረን እናስወነጭፈዋለን ብሏል።»

ድስቱን ደግማ አጠበችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ጋራዥ ነው። የቤታችን በር መቃን በእርሳስ ተዥጎርጉሯል። ክንፎቹን ለጥፋ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ከጭራው በኩል ስታያቸው እንደ ጠመንጃ አነጣጣሪ ነው የምትመስለው። ቀጥ ብለዋል።

አሁን ቀለም ላይ ናቸው። ናቸው የምልህ ባለቤቴም ስለገባበት ነው። «መገጣጠም የሜካኒኮች ነው፣ ማሳመር የኛ የቀቢዎች ነው» ብሎ የመድፈኛውን ስቱኮና ቀለም መርጫውን ኮምፕረሰር ለቆላታል። ስስ እንጨቱ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ስቱኮ ትቀባዋለች፣ በብርጭቆ ወረቀት ታሸዋለች፣ እንደገና ትቀባዋለች። ትናንት መኪናውን ለቀለም ያስገባ ባለታክሲ መጥቶ ጮኸ።

«ጋሼ፣ መኪናዬ መቼ ነው የሚወጣው?»

«ተሰለፍ። ከፊትህ ሮኬት አለ።»

«እንዲያ ከሆነ እሱን ስጠኝ፤ ደንበኛ ቶሎ አደርስበታለሁ።»

ሳቅንበት፤ እሷም ሳቀች። ሜዳም አግኝታለች። ከተዘጋው የጡብ ፋብሪካ ጀርባ ያለው የኳስ ሜዳ ነው። ሽቦ መኖር አለመኖሩን ዙሪያውን ዞራ አይታለች።

አንድ ነገር ልንገርህ። ባለፈው ቅዳሜ «ትርፍ ፍራሽ አለን?» አለችኝ። መልሴን አልጠበቀችም። ዞር ብል ቆጥ ላይ የነበረውን ፍራሽ አውርዳ፣ ፀሐይ ላይ ዘርግታ በዱላ ታራግፈዋለች። እኔ ምን ልበላት? አብሬያት አራገፍኩ።

ፎቶ እሺ አላለችም። በስንት ልመና ሮኬቱን ይዛ ያለችበትን አነሳሁ፤ የሚታየው እጇ ብቻ ነው። ለጊዜው በእጇ ተጽናና።

ቁጥሩ አልደረሰኝም። ቁጥሩን ተወውና የማመልከቻውን የቀጠሮ ቀን ብቻ ንገረኝ። ቀን ካለ ሌላው ይቀላል።

ያሰብከው ይሙላልህ።

እህትህ


የካቲት 27

እትዬ፣ ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ። ፈረቃዬን ቀይረውት ነበር። ጤናችሁን እየለመንኩ ነው የምጽፈው።

ፎቶውን አልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ። እጇ የእናቷ እጅ ነው፤ ነፍሷን ይማርና አውራ ጣቷ እንዲሁ ወደ ኋላ ይለጠጥ ነበር። ሹፌሩም አይቶ «የሠራተኛ እጅ ነው» አለኝ።

ስለ ቀለሙ የምላት አለኝ። አፍንጫው ከቱቦው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እንዳትቀባው። አፍንጫው ቱቦው ላይ ይቀመጣል እንጂ አይጣበቅም። ሞተሩ ነዶ ሲያበቃ ወደ ላይ እፍ ይላል፤ በዚያ እፍታ አፍንጫው ተስፈንጥሮ ይወጣና ፓራሹቱ ይከተላል። አፍንጫው ከያዘ ፓራሹቱ ውስጥ ይቀራል፣ ሮኬቱ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ሮኬቱን ገልብጣ ትያዘውና ትንሽ ትነቅንቀው፤ በራሱ ከወደቀ ልል ነው፣ ወረቀት ትለጥፍበት። ተጎትቶ እንቢ ካለ ጠብቋል፣ ትሞርደው። ቀለም ስትረጭ ደግሞ ሩቅ ሆና ትርጭ። ቀይ ከሆነ ከሥሩ ነጭ ይቅደም፤ ቀይ በስቱኮው ግራጫ ላይ ይሞታል። ጋሼ ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል።

የክንፎቹን ሥር ከቅርብ አንሺልኝ። ሙጫው አረፋ ይዞ እንደሆነ ልየው።

ሌላውን ነገር ረጋ ብዬ እጽፋለሁ። በርቱልኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 25

ወንድምዓለም፣ እግዜር ልብ ይስጥህ ብዬ ልጀምር። ለሁላችንም ይስጠን።

ወረቀትህ ሲደርስ ነገሩ አልፎ ነበር። ትምህርት ቤት ሳለች ባለቤቴ በአፍንጫውና በቱቦው መሀል ያለውን መስመር አየው። ሰውየውን ታውቀዋለህ፤ ተጋጭቶ የመጣ በር ሲጠግን መጋጠሚያው ከታየ እንቅልፍ አይወስደውም። መስመሩን በስቱኮ ደፈነው፣ አሸው፣ ቀለም ደራረበበት፣ ቫርኒሽ አለበሰው። ስትመጣ እንደ ሙሽራ ጨርቁን ገልጦ አሳያት። እውነት ለመናገር ያምር ነበር፤ ከአንድ አጥንት የወጣ ነበር የሚመስለው።

አፍንጫውን ያዘችና ሳበች። እንቢ አለ።

«ጋሼ፣ ምን አድርገህ ነው?»

«ስንጥቁን ደፈንኩልሽ።»

«ስንጥቅ አይደለም! በሱ በኩል ነው የሚከፈተው!»

በዚህ ቤት ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ባለቤቴ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀመጠ። «ልጄ፣ እኔ የተማርኩት መድፈን ነው» አላት። ቆይታ አጠገቡ ተቀመጠችና አብረው በምላጭ ዙሪያውን ቆረጡት። ቱቦው ትንሽ ተላጠ። ቀለሙን በሙሉ አሽታ አወረደችና ከባዶ ጀመረች።

እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። ቀባች፣ አማረ። በነጋታው አቧራ አርፎበታል ብላ አሸችው። እንደገና ቀባች። ከዚያ ቀዩ አልተመጣጠነም ብላ አወረደችው። ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ቀለሙ ምንም አልሆነም እኮ፤ ለባለሥልጣን መኪና እንኳ እንዲህ አልጨነቅም» አለኝ። እኔ ብዙ የተማርኩ አይደለሁም፤ ይህ ግን ገባኝ። ሮኬቱ እስካላለቀ ድረስ አንተ አልዘገየህም።

ባለፈው ሐሙስ አየር ማረፊያ ሻንጣ የሚጭነው ደንበኛችን መጣ። ሮኬቱን አገላብጦ አደነቀ።

«ሞተሩስ?»

«አባቷ ይዞላት ይመጣል» አለው ባለቤቴ።

«በአውሮፕላን?» ብሎ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ ባሩድ ነው እኮ። ማን ያሳልፈዋል? ሰውየውን ከነሻንጣው ነው የሚያስቀሩት።»

ልጅህ ራሷን ቀና አላደረገችም። «አውቃለሁ» አለች። ማሸቷን ቀጠለች።

ሰውየው ሲሄድ «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አልኳት። ካርቶኑን አሳየችኝ፤ ጎኑ ላይ አውሮፕላን ተሥሎ በላዩ መስመር ተሰምሮበታል። እኔ ይሄ አውሮፕላን አይደለም ማለቱ መስሎኝ ነበር። እሷ ከከፈተችው ቀን ጀምሮ ታውቃለች። እያወቀች ነው ፍራሽ ያራገፈችው።

ቁጥሩን ተውኩ። የቀጠሮውን ቀንም ተውኩ። አንድ መስመር ብቻ በእጅህ ጻፍላት፦ እመጣለሁ ወይም አልመጣም። ስለ ቀለም አንድ ቃል እንዳትጨምርበት።

እህትህ


ግንቦት 16

እትዬ፣ በጤና ያቆይልኝ። ይህን ወረቀት ደጋግሜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ ስለዚህ በአጭሩ።

ማመልከቻው ተከልክሏል። መልሱ የመጣው ነሐሴ ላይ ነው፣ ካርቶኑን ከመላኬ በፊት። የምኖረው በአንድ ክፍል ከባዕድ ወንድ ጋር ስለሆነ ልጅ ማምጣት አትችልም ነው የሚሉት። ይግባኝ ብዬ ነበር፤ ጥር ላይ እሱም ተዘጋ። ጠበቃው እጄን ጨብጦ ሸኘኝ። እኔም መምጣት አልችልም። ከወጣሁ መመለሻ ወረቀት የለኝም። ከተመለስኩ ደግሞ ለናንተ ሌላ የሚጦር ሰው መሆኔ ነው።

ሥራዬ ደንበኛ የመለሰውን ዕቃ መለየት ነው። ካርቶኑም ተመላሽ ነበር፤ ጥጉ ስለተጨፈለቀ መጣል ነበረበት። ክዳኑ ላይ ትዕግሥት ለሌለው ሰው አይሆንም ይላል። ያን አይቼ ነው ያነሳሁት። ረጅም ጊዜ የሚፈጅ ነገር ነበር የምፈልገው። እስከዚያ የሆነ ነገር ይሆናል ብዬ።

ሞተሩ አውሮፕላን ላይ እንደማይወጣ አውቅ ነበር። ስጽፈው ግን የምመጣ መሰለኝ።

አንድ መስመር ጻፍላት አልሽኝ። ተቀምጬ «ልጄ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው አልወጣም። አሥራ ስምንት የሚሞላት ቀን እደውላለሁ። በራሴ አፍ እነግራታለሁ። እስከዚያ አንቺ እንዳትነግሪያት፤ ይህን ብቻ ለእኔ ተይልኝ። ስልኩን እንድታነሳ ብቻ አድርጊልኝ።

ወንድምሽ


ሰኔ 22

ወንድምዓለም፣ ሰላም ለአንተ ይሁን። ሌላ ምርቃት ዛሬ አልመጣልኝም። የምጽፍልህ ፖስታ ቤት ውስጥ ቆሜ ነው።

ለምነኸኛል፣ ጠብቄልሃለሁ። አልነገርኳትም። በዕለቱ ስልኩ ሲጮኽ እኔ አልነካሁትም። እሷ ራሷ ሄዳ አነሳችው። ያነሳችው እኮ እንድትነግራት ነው። ዓመታት ስትሸሸው የነበረውን ስልክ በሁለት እጇ ነው የያዘችው። ባለቤቴ ኮምፕረሰሩን አጠፋ። እኔ ሽንኩርት እንደያዝኩ ቆምኩ።

«አለሁ» አለች። ከዚያ «እሺ» አለች። ከዚያ «አልቋል» አለች። ከዚያ «ከሥሩ ነጭ አድርገነዋል... አዎ... ሩቅ ሆኜ ነው የረጨሁት... አልያዘም፣ አፍንጫው ይወጣል... እሺ... እሺ» አለች። ብዙ ጠበቀችህ። ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ እንደገና «እሺ፣ ቫርኒሹ ደርቋል» ስትል ሰማኋት።

ዘጋችውና ወደ እኔ ዞረች። አላለቀሰችም።

«ስለ ቀለሙ ጠየቀኝ» አለች።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜም አላሸችውም። ጋራዥ ገብታ በጨርቅ ጠረገችው፣ ፓራሹቱን አጥፋ አስገባች፣ አፍንጫውን ከደነች። ሰፊ ካርቶን ከባለሱቁ ለምና በልኩ ቆርጣ ሠራች። ሮኬቱን ውስጡ አስተኝታ አሸገችው። ሲያልቅ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው።

«ላኪለት። ሞተሩ የሚሸጠው እሱ ያለበት ነው። እዚያው ያስወንጭፈው።»

«ሜዳውስ?»

«ሜዳው ምን ይሆናል? ኳስ ይጫወቱበታል።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ጨረስኩ።»

አሁን ከባለቤቴ ጋር ጋራዥ ውላ ትገባለች። አፏን ሸፍና የባለታክሲውን በር ስትቀባ ትታያለች። ትምህርቱን ስጠይቃት «እናያለን» ትላለች። እንዲህ የምትለው አንተ እንደነበርክ ታውቃለህ። ፍራሹን ቆጥ ላይ መልሳዋለች።

ዛሬ ካርቶኑን ታቅፌ መጣሁ። ሰልፉ ረጅም ነው። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ «እናቴ፣ ምን ተሸክመው ነው? ጠመንጃ ነው እንዴ?» አለኝ። «ሮኬት ነው» ስለው «ይሻላል» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ መዘነችው።

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«ሮኬት። ሞተር የለውም።»

«ተቀባዩ ምንዎ ነው?»

«ወንድሜ ነው።»

«ላኪውስ እርስዎ ነዎት?»

ልጅህ በልኩ የቆረጠችውን ካርቶን አየሁ። ሴትዮዋ «እርስዎ ነዎት እንበል» አለችና ጻፈች። ከዚያ ቅጹን ገፋ አደረገችልኝ። ታች በኩል ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ ላይ ምልክት ማድረግ አለብኝ። ተቀባዩ ካልተረከበው ለላኪው ይመለስ ነው የሚለው አንዱ። ሌላው፣ እዚያው ይወገድ።

«እሱ ይረከበዋል» አልኳት።

«ቢሆንም አንዱን ይምረጡ። ያለዚያ አይሄድም።»

«ይመለስ ብል?»

«ይመለሳል።»

«እዚያው ይወገድ ብል?»

«እናቴ፣ ሰልፍ አለ። ጠረጴዛው ጋ ሄደው ያስቡበትና ይምጡ።»

አሁን ጠረጴዛው ጋ ነኝ። ቅጹን ከጎኔ አስቀምጬ በነሱ ብዕር ለአንተ እየጻፍኩ ነው። ይመለስ ብዬ ምልክት ባደርግ፣ አንድ ቀን ይሄ ካርቶን ተመልሶ በራችን ላይ ይቆማል፣ የምትፈርምበት እሷ ናት። ይወገድ ብል ደግሞ የጣልኩት እኔ ነኝ። አንተ ትረከበዋለህ ብዬ እንዳልተወው ደግሞ፣ ወንድሜ፣ አላምንህም። ይህን በወረቀት ጽፌልህ አላውቅም፤ ዛሬ ጻፍኩት።

ቤት ይዤው ልመለስ አልችልም። ደረሰኙን ትጠብቃለች።

ሴትዮዋ በብዕር ጫፍ መስታወቱን እየቆረቆረች እየጠራችኝ ነው። ይህን ወረቀት በሩ ላይ ካለው የፖስታ ሳጥን ውስጥ እጨምረዋለሁ፤ እሱ ምርጫ አይጠይቅም። አንዱንም አልመረጥኩም፤ ቅጹ እዚሁ ይቅር። ካርቶኑን አንስቼ ልወጣ ነው፤ ለልጅህ የምላትን መንገድ ላይ አስባለሁ።